አሴይቴ ማለት ዘይት ነው

ስፔን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እማማ ከወጥ ቤት ተጣሩ። «ኢኻ፣ አሴይቴ!» ኢኻ ልጄ ማለት ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። አሴይቴን ግን አላውቀውም። እጃቸው ወደ መደርደሪያው ይጠቁማል። ጠርሙሱን አነሳሁና ሳላስበው በአማርኛ «ዘይት?» አልኩ። «ሲ፣ አሴይቴ» አሉኝ፣ ምን ይገርማል በሚል ዓይን።

እኔን ግን ገርሞኛል። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። አረብኛ የተማርኩት ምድጃ ዳር ነው፣ ግማሹን በቁጣ። ስለዚያ ቤት ዛሬ አላወራም። የእማማ ልጅ ቤይሩት ትሠራ ነበር፤ አገሯ ስትመለስ እናቷን የሚጠብቅ ሰው ፈለገች፣ ወረቀቴን ጨርሳ አመጣችኝ። ያ የቁጣ አረብኛ ስፔን ተራራ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ተከፈተ። ሩዝ አሮስ ነው። ስኳር አሱካር። ቤይሩት ባቲንጃን እያልኩ የምልጠው ደብርጃን እዚህ ቤሬንኼና ሆኗል። ትራስ እንኳን፣ እዚያ ምኸደ፣ እዚህ አልሞአዳ። የወይራ ፍሬ አሴይቱና ነው፣ ከአረቦቹ ዘይቱን። (የኛን ዘይቱን ፈልጌ ገበያ ብጠይቅ ወይራ መዝነው ይሰጡኛል። ሞክሬዋለሁ።) ቤቶቹ በኖራ እንደተለሰኑት ቃላቱም ተለስነዋል እንጂ፣ ሥረ መሠረታቸው ያው ነው።

መንደሯ ፍሪኺሊያና ትባላለች። ከማላጋ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ባሕር ዳር ካለችው ኔርኻ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ። ሕዝቧ 3 ሺህ ገደማ ነው። ግማሹ ቱሪስት ይመስልሃል፣ በተለይ በበጋ። የድሮው ሰፈር ባሪባርቶ ጠባብ ነው፣ መንገዱ በጠጠር የተነጠፈ ደረጃ። መኪና ስለማይገባ ቤት የሚያድሱ ሰዎች ሲሚንቶና ጡብ በበቅሎ ሲያስወጡ አይቻለሁ። በቅሎ ለማየት አውሮፓ መምጣቴን ለእናቴ በስልክ ስነግራት አላመነችኝም፣ ፎቶ ላኪ አለች።

የመንደሯን ታሪክ ያነበብኩት በእማማ ትንፋሽ ልክ ነው። በየሰፈሩ ግድግዳ ላይ 12 የሸክላ ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል። ሐኪም ዘንድ ስወስዳቸው ደረጃው ያደክማቸዋል፣ በየሰሌዳው ሥር ቆመው ያርፋሉ። እሳቸው ሲያርፉ እኔ አነባለሁ። ስፓኒሽኛዬ ያን ያህል ስላልነበረ አንዷን ሰሌዳ ለመጨረስ ሦስት ቀጠሮ የፈጀችብኝ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግራናዳ በ1492 ከተያዘች በኋላ እዚህ የቀሩት ሙስሊሞች በግድ ተጠመቁ፣ ሞሪስኮ ተባሉ። በ1567 ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ አረብኛ መናገርን፣ የአገር ልብሳቸውን፣ የገላ መታጠቢያ ቤታቸውን ሳይቀር ከለከለ። በ1568 ገና ሰሞን በአልፑኻራስ ተራሮች አመፅ ተነሳ። የዚህ አካባቢ ሰው ቤቱን ጥሎ ከመንደሩ በላይ ያለው ገደላም አምባ ላይ መሸገ። ሰኔ 1569 ሉዊስ ደ ሬኬሴንስ የተባለ የጦር አዛዥ ከጣሊያን የመጡ ወታደሮች ጨምሮ ወጣባቸው። ሴቶቹ ሳይቀሩ ድንጋይ እያንከባለሉ ተዋጉ። አምባው ሲሰበር ብዙዎቹ እጅ ከመስጠት ገደሉን መረጡ። ሰሌዳው ላይ ይሄ ተስሏል፤ ከሥሩ ቱሪስት አይስክሬም እየላሰ ፎቶ ይነሳል። ከ1609 ጀምሮ ደግሞ ሞሪስኮ የተባለ ሁሉ ከስፔን እንዲባረር ታዘዘ።

«ታዲያ እናንተ ከየት መጣችሁ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ከሌላ ቦታ» አሉኝ። ባዶውን መንደር የሞላው ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ክርስቲያን ነው። መጤ ማለታቸው ነው። እኔ እዚህ በመንገድ ሳልፍ ከየት ነሽ ሳልባል የዋልኩበት ቀን የለም፤ እማማን ግን ላለፉት 80 ምናምን ዓመታት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ ጥያቄው በጣም አሳቃቸው።

አሁን ወደ ምግቡ። መንደሯ መግቢያ ላይ ኤል ኢንኼኒዮ የሚባል ትልቅ አሮጌ ሕንፃ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሯ ጌቶች የነበሩት የማንሪኬ ደ ላራ ቤተሰብ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ድንጋዩን ከፈረሰው የሙስሊሞቹ ምሽግ ነው ያመጡት። ዛሬ ውስጡ «የአገዳ ማር» ይመረታል። ሸንኮራ አገዳ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ይጣራል፣ ጥቁርና ወፍራም እስኪሆን ይፈላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አገዳውን ወደዚህ ባሕር ዳር ያመጡት እነዚያው አረቦች ናቸው። የባሕር ዳሩ የመጨረሻ የስኳር ፋብሪካ በ2006 ተዘግቷል፣ ይሄ ግን አሁንም ያፈላል።

እኔ መጀመሪያ ይሄን አላወቅኩም። ማሰሮው ላይ «ሚዬል» የሚል አየሁ፣ ሚዬል ማር ነው። ጥቁር ነው፣ የሞተር ዘይት ይመስላል፤ የጫካ ማር ይሆናል አልኩ። ማድሪድ ያለች ጓደኛዬ ጌሾ ልካልኝ ስለነበር ለፋሲካ ጠጅ ልጥል ተነሳሁ። በጠበጥኩ፣ ጌሾውን ጨመርኩ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ እማማ ጓዳ ውስጥ ደበቅኩት። በአምስተኛው ሌሊት ክዳኑ ተተኮሰ። እውነት ተኩስ ነበር የመሰለኝ። ጓዳው፣ ጣሪያው፣ የእማማ ንጹሕ የጠረጴዛ ልብሶች፣ ሁሉም ጥቁር። እማማ በሌሊት ልብሳቸው መጡ፣ በጣታቸው ከግድግዳው ላይ ቀመሱ፣ ትንሽ አሰቡና «ሩም ልትሸጪ ነው?» አሉኝ (ሩም ከአገዳ የሚወጣ አረቄ ነው)። ግድግዳውን ኖራ ለመቀባት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የአገዳው ማር ትክክለኛ ቦታው ደብርጃን ላይ ነው። ደብርጃኑ በስሱ ይቆረጣል፣ ጨው ተነስንሶበት ውኃውን እስኪያወጣ ይቆያል፣ ይጨመቃል፣ ዱቄት ነክቶ በጋለ የወይራ ዘይት ይጠበሳል። ከዚያ ጥቁሩ ማር እንደ ክር ይፈስበታል። ጨው፣ ጥብስና ጣፋጭ አንድ ላይ። መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ። አሁን አንድ ሰሐን ብቻዬን እጨርሳለሁ።

የጾሙ ምግብ ሌላ ጉድ ነው። በእነሱ ሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ሽምብራ በቆስጣና በደረቀ ዓሣ ይቀቀላል፣ ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል። እንቁላል! ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ሳያልቅ እነሱ እንቁላሉን ጨምረውታል። ዳቦ በወተትና በእንቁላል ነክረው ጠብሰውም «የጾም ጣፋጭ ነው» ይሉኛል። እኔ ሽሮዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ።

ዓመት በዓሎቻቸው ብዙ ናቸው። ጥር 20 በእነሱ ቅዱስ ሰባስትያን፣ ሰኔ 13 ቅዱስ አንቶንዮስ። እኔን የያዘኝ ግን ሜይ 3 ነው፣ የእኛ ሚያዝያ 25፣ የመስቀል ቀን። ጎረቤት ተሰብስቦ በየሰፈሩ ትልቅ መስቀል በአበባ ይሸፍናል። ከእግሩ ሥር የወይን ጠጅና የሚቀመስ ነገር ይቀርባል፣ አላፊ አግዳሚው ከመስቀል ወደ መስቀል እየዞረ ይቀምሳል። እማማን ይሄ መስቀል ምንድነው ብላቸው «ቅድስት ኤሌና ያገኘችው ነዋ» አሉ። ንግሥት እሌኒ! የደመራውን፣ የዕጣኑን ጢስ፣ መስከረም 17ን፣ መጋቢት 10ን በተሰባበረ ስፓኒሽኛ ነገርኳቸው። «በእሳት ነው ያገኘችው?» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስላል፣ አበባ ነበር የለመዱት። በነጋታው ግን ሲሻላቸው ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ደመራውንም ከኔ የበለጠ አሳመሩት። በዚያው ዓመት ሰፈራችን መስቀል ሥር አንድ ትሪ አምባሻ አስቀመጥኩ። ጥቁር አዝሙዱን ቁንጫ ነው ወይ ያለ ልጅ ነበር። ግን ትሪው ባዶ ነው የተመለሰው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የሦስቱ ባህሎች» የሚሉት አለ፤ የክርስቲያን፣ የሙስሊምና የአይሁድ። ከ2006 ጀምሮ ነው የሚከበረው። አራት ቀን ገበያ፣ ሙዚቃ፣ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞሩ ትንንሽ ምግብ መቅመስ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ሰሌዳዎቹን ላነበበ ሰው ትንሽ ይተናነቃል። ከበሮው የሚመታው ሰዎቹ ከተባረሩበት ደረጃ ላይ ነው።

ባለፈው በዓል እማማ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ቤት ቀረን። ሙዚቃው በመስኮት ይገባል፣ ኡድ የሚባለው የአረቦች ባለ ክር መሣሪያ ድምፅ ነው፣ ቤይሩት ሆኜ በራድዮ የምሰማው። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ደብርጃኑን ያዙኛል፤ እሳቱን ቀንሺ፣ አሁን ገልብጪ። ስጨርስ ማሩን ራሳቸው አፈሰሱ።

«ቆይ ግን» አልኳቸው፣ «ይሄ ምግብ ከሦስቱ የማናቸው ነው?»

ትንሽ አሰቡ።

«የእናቴ» አሉ። «በይ ብዪ፣ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል።»