መሬት ጦም አሳዳሪው

«መሬት ጦም ልታሳድር ነው?» አሉኝ አባቴ። ጎጃም ውስጥ ለገበሬ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ ያለ አይመስለኝም።

ስናን ውስጥ፣ ከረቡዕ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ አምስት ጥማድ መሬት አለን። ሦስቱ ለጥ ያለ ነው። ሁለቱን ግን ገደል ማለት ይቀላል። ሲታረስ አንዱ በሬ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ቀንበሩ ይንጋደዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈራችን በጨሞጋ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል። በመጨረሻው ዓመት ያጨድነው ገብስ ከዘራነው ብዙም አልበለጠም። ስለዚህ ተዳፋቱን አጥሬ ዱር ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ የጎዳኝ ችኮላ ነው። 300 የጽድ ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ኅዳር ላይ ውርጭ ፈጃቸው። ጥር ላይ የቀሩት 11 ነበሩ። እኔም ቆጥሬያለሁ፣ አባቴም ቆጥረዋል።

የሚገርመው፣ የጸደቀው ያልተከልኩት ነው። በሁለተኛው ክረምት ከድንበሩ ጥግ አምጃ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጓሳ የሚባለው ሣር መጣ። አንዱን ጉጥ ልንቀል ብዬ ስታገል ሣሩ እጄ ላይ ተበጥሶ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሥሩ ንቅንቅ አላለም። አፈር የሚይዘው ይሄ ነው።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከብቶቹን መርሳቴ ነው። እናቴ ገለባ በብር መግዛት ጀመረች። አጥሬም የሰፈሩ ከብት ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ዘግቶ ነበር። ይህን ያወቅኩት አንድ ጠዋት አጥሩን ፈርሶ ሳገኘው ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። መንገዱ ተከፈተ፤ ሣሩም ሲደርስ ለጎረቤትም ይታጨድ ተባለ። ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ መንዞችም ጓሳቸውን ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለዘመናት ያቆዩት ዘግተው ረስተውት አይደለም። ለዓመታት ይዘጉት፣ ሲደርስ ከፍተው ያጭዱት ነበር።

አሁን ከብት አናስገባም፤ አጭደን ተሸክመን እናበላለን። ሸክሙ ወገብ ይቆርጣል፣ አልዋሽም። ሦስቱን ጥማድ ፍግ እየጨመርን ገብስና ድንች እናፈራርቅበታለን። አባቴ አምና የጎተራውን ክዳን በዚያው ጓሳ አደሱት። ስለ ጦሙ ነገር ግን ትንፍሽ አላሉም።

ዘንድሮ የምንጨቃጨቀው በባሕር ዛፍ ነው። እሳቸው ተዳፋቱን ባሕር ዛፍ እናልብሰው ይላሉ። ብሩን አልጠላሁም። በመንገዱ በኩል ሁለት መስመር ፈቅጃለሁ። ምንጩ አጠገብ ግን አላስጠጋም።