«ተቀምጧል ብሎኛል»

በደሴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የአስራ አንድ ቀን የጽሑፍ ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌባ አልገባም፣ መብራት አልጠፋም፣ ቫይረስም አልነበረም። ፋይል ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በቅጡ ሳላስብ ፋይል የሚዘጋ ፕሮግራም ሠርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሃርድ ዲስክ ነው። የድሮ መዝገቦችን የሚተይቡበት ኮምፒውተር ሊሞላ ሲቃረብ ተጨማሪ ዲስክ ጠየቅን። የግዥ ክፍሉ «ያለውን በቁጠባ ተጠቀሙ» የምትል ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ማኅተም አሳርፎባት መለሰልን። እኔም እልህ ያዘኝ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር በሚጻፉበት ደንብ) ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ 225። እንዲህ የሚደጋገም ጽሑፍ ካልታመቀ፣ ማለትም ድግግሞሹ ተቀንሶ በትንሽ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ምን ሊታመቅ ነው? ስሞክረው የእኛ መዝገቦች ወደ ሩብ ገደማ ወረዱ።

ተያቢዎቹን ግን «ፋይሉን ፍቱት፣ ሥሩበት፣ መልሳችሁ እመቁት» ማለት አልፈለግኩም። ሰው ይረሳል። የፈለግኩት በዩኒክስ የተለመዱት አራት ትእዛዞች፣ ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝጋ፣ እንዳሉ እንዲቆዩና ማመቁ ከሥር እንዲሠራ ነው። ለዚህ ፊውዝ አለ፦ የሥርዓተ ክወናውን እምብርት (ከርነሉን) ሳይነኩ የራስን የፋይል ሥርዓት በተራ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስችል፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለ መንገድ። ለማመቁ ዜድሊብ የተባለውን የማመቂያ ኮድ፣ ለፋይሉ ቅርጽ ደግሞ የተለመደውን የታመቀ ፋይል ዓይነት፣ ጂዚፕን መረጥኩ። ነገ እኔ ብሄድ ማንም ሰው በማንኛውም ኮምፒውተር ሊፈታው ይችላል።

ማንበቡ በሳምንት አለቀ። ጂዚፕ መሃል ላይ ዘሎ መግባት አይፈቅድም፤ ፈቺው ያለፈውን 32 ኪሎባይት ጽሑፍ ሁልጊዜ ማስታወስ አለበት። ስለዚህ በየአንድ ሜጋባይቱ ያንን 32 ኪሎባይት በምልክትነት አስቀመጥኩና ከቅርቡ ምልክት እየተነሣሁ አነበብኩ። የፋይሉን ትክክለኛ መጠን ለማሳየትም ትንሽ ማውጫ አዘጋጀሁ፤ የጂዚፕ የመጨረሻ አራት ባይቶች የሚይዙት መጠን ከ4 ጊጋባይት ሲያልፍ ከዜሮ ስለሚጀምር አይታመንም። ማውጫው ገና ከጅምሩ በዲስኩ ላይ ሙሉ ቦታውን ይዞ እንዲቀመጥ አደረግኩ። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

አማቂ ፕሮግራም የሰጡትን ወዲያው አይጽፍም። ይሰበስባል፣ ያወዳድራል፣ ከዚያ ያወጣል። እኔ ደግሞ ለፍጥነት ብዬ የ256 ኪሎባይት ማጠራቀሚያ ጨመርኩበት። የመዝገብ ክፍሉ የአንድ ቀን ሥራ ታምቆ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ጻፍ» ሲባል «እሺ፣ ጽፌያለሁ» የሚለው የእኔ ሥርዓት አንዲት ባይት ዲስክ ላይ አላሳረፈም። ሁሉም ነገር የሚወጣው ፋይሉ ሲዘጋ ነው።

በፊውዝ ደግሞ መዝጋት ሁለት ጥሪ አለው። አንዱ ፕሮግራሙ «ዝጋ» ባለ ቁጥር ይመጣል፤ የምመልሰው ስህተት ለፕሮግራሙ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ፋይሉን የያዙ ሁሉ ከለቀቁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ የምመልሰውን ግን የሚሰማ የለም። መመሪያው ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ እኔም አንብቤው ነበር። ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣው ለኮድ ይመቻል። ማጠናቀቁን፣ ማለትም የተጠራቀመውን ዲስክ ላይ ማሳረፉን፣ እዚያ አስገባሁና ቡናዬን ጠጣሁ።

ዲስኩ የሞላው በሠርግ ቪዲዮ ነው። ማን እንደገለበጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቪዲዮ ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ የእኔ ሥርዓት ምንም ሊቀንሰው አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተተየበው ሁሉ ፋይሉ ሲዘጋ «ቦታ የለም» የሚል ስህተት እያስከተለ ጠፋ፤ ስህተቱም ማንም የማይሰማው ጥሪ ውስጥ ቀረ። የፋይሎቹ ስም ግን አለ። መጠናቸውም ተጽፏል፤ ያ የኮራሁበት ማውጫ ቦታውን ቀድሞ ስለያዘ ዲስክ ቢሞላም ይሠራ ነበር። ዝርዝሩን ያየ ሰው 180 ኪሎባይት፣ 210 ኪሎባይት እያለ ያነባል። ውስጡ ባዶ ነው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን መዝገብ ያዥዋ ጠሩኝ። በሥራው ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ ምናልባት ሳያስቀምጡ ዘግተውት እንዳይሆን» አልኳቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። «ልጄ፣ ወላሂ አስቀምጫለሁ። ተቀምጧል ብሎኛል እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ብሏቸዋል።

ማስተካከሉም ቀላል አልሆነም። ማጠናቀቁን ወደ መጀመሪያው ጥሪ ሳዛውረው ሌላ ችግር መጣ፦ ያ ጥሪ ለአንድ ፋይል ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ፕሮግራሙ ልጅ ፕሮግራም ሲወልድ ልጁም ፋይሉን ይወርሳል፤ ልጁ ሲዘጋ እኔ «አለቀ» ብዬ ማኅተሜን አትማለሁ፣ ወላጁ ግን ገና እየጻፈ ነው። ያዳነኝ የጂዚፕ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንቡ በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ የታመቁ ክፍሎች ተከታትለው እንዲቀመጡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥሪው በመጣ ቁጥር ክፍሉን እዘጋለሁ፤ ተጨማሪ ጽሑፍ ከመጣ አዲስ ክፍል እጀምራለሁ። ፈቺው አንድ ላይ አድርጎ ያነበዋል።

ይህን ጨርሼ ዲስኩን ሆን ብዬ ሞላሁና ሞከርኩ። አሁንም «ተቀምጧል» አለ! የመተየቢያው ፕሮግራም «ዝጋ» ብሎ የተመለሰለትን መልስ ጨርሶ አያየውም። እሱን የጻፈውም እኔው ነኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት። ለካስ መዝጋት ሊከሽፍ ይችላል ብሎ የሚያስብ ፕሮግራመር ብርቅ ነው። አሁን በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ ዲስክ ላይ መድረሱን በግድ ያረጋግጣል፣ የመዝጊያውን መልስ ያያል፣ ሁሉም ከተሳካ ብቻ ስሙን ወደ ትክክለኛው ይለውጣል።

የዜድሊብ መመሪያ የተጠራቀመውን በየጊዜው በግድ ማስወጣት፣ በተለይ ከተደጋገመ፣ የማመቅ ብቃትን ይቀንሳል ይላል። ይቀንስ። እኔ በየገጹ አስወጣለሁ። መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት አገር፣ ፋይሉ ቢቆረጥ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ይተርፋል፤ ለዚህ ጥቂት ኪሎባይት ብከፍል አይቆጨኝም። ተጠቃሚው ማመቁን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም የሚለውንም ምክር ትቻለሁ። በታመቀ ፋይል መሃል ገብቶ ፊደል መለወጥ የሚፈልግ ፕሮግራም ከእኔ የሚያገኘው ስህተት ነው። ያንን ለማስቻል ሦስት ሳምንት ደክሜያለሁ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር፣ ኮዱን ጣልኩት።

እትዬ አስራ አንዱን ቀን እንደገና ተየቡት። ረድቻቸዋለሁ፤ አተያየቤ ግን እርዳታ የሚባል አልነበረም። አሁን ዲስኩ ሲጠብ ፕሮግራሙ በቀይ «አልተቀመጠም» ይላል፤ እሳቸውም ስልክ ደውለው ቃሉን ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ ያነቡልኛል።

አዲሱ ሃርድ ዲስክ ከሁለት ወር በኋላ ተገዝቶ መጣ። መዝገቦቹን ሳይታመቁ ችሎ ገና ይተርፈዋል። ሥርዓቴን ግን አልነቀልኩትም።