ፊልሙን አቃጠልሽው

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ሽቶ ነበር የጠበቅኩት። ያመጣችልኝ ግን ሆልጋ የምትባል ጥቁር የፕላስቲክ ካሜራ ናት። ክብደት የላትም፣ ስነቀንቃት ትንኳኳለች፣ ታናሽ ወንድሜ «ባትሪዋ የት ነው የሚገባው?» አለኝ። የለም! ከሷ ጋር አምስት ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ማጠቢያ ኬሚካልም ጭምር።

ሆልጋ በ1982 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው የተሠራችው። ታስባ የነበረው ለተራው ቻይናዊ ቤተሰብ ነው፣ ርካሽ የቤት ካሜራ እንድትሆን። ያ ገበያ ብዙም ሳይሆንላት ቀረ፣ በኋላ ግን ጉድለቷን የወደዱ ሰዎች ተሻሟት። ሌንሷም ፕላስቲክ ነው፤ መሀሉ ደህና፣ ዳሩ ብዥ፣ ጥጋጥጉ ጨለማ። ርቀት የምትመርጪው በሥዕል ነው፦ አንድ ሰው፣ ሦስት ሰው፣ ብዙ ሰው፣ ተራራ። የፀሐይና የደመና ምልክት ያለው ማብሪያ የመሰለ ነገርም አላት። በድሮዎቹ ላይ ወዲህም ወዲያም ብትገፊው ምንም ለውጥ አልነበረውም አሉ። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ጥቅል 12 ፎቶ ነው። የመጀመሪያውን ይዤ በጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ልጆቹ ዓሣ ይበልታሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ተራ ይጠብቃሉ። ስልክ ቢሆን አርባ ጊዜ ተጫንኩት ነበር። እዚህ ግን አሥራ ሁለት ናት፣ ከዚያ በቃ። ዳሩ ብዥ ስለሚል የምፈልገውን ሰው መሀል ለማስገባት መጠጋት አለብኝ፣ ስጠጋ ደግሞ ልጁ ቀና ብሎ «ይሄ መጫወቻ ፎቶ ያነሳል?» አለኝና ወሬ ጀመርን። ሐዋሳ ተወልጄ ማደጌ ነው፣ ከዓሣ በላቾቹ ጋር ግን ከዋጋ ሌላ ነገር አውርቼ አላውቅም ነበር።

ፊልሙን የሚያጥብልኝ ፍለጋ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ድሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው፣ አሁን ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ነው ሥራቸው። የማጠቢያ ዕቃቸውን ግን አልጣሉትም። ማታ ቤታቸው አጠቡልኝ። እርጥቡን ፊልም አምፖል ላይ ዘረጉና ዝም አሉ።

«ልጄ፣ አቃጠልሽው እኮ።»

ብርሃን ገብቷል። የካሜራዋ ጀርባ በደንብ አይገጥምም፣ ለካ ሰው ኤሌክትሪሻኖች ሽቦ በሚጠቀልሉበት ጥቁር ፕላስተር ዙሪያዋን አሽጎ ነው የሚጠቀምባት። በሳቸው ዘመን ፊልም ማቃጠል ቀልድ አልነበረም፤ የሰው ሠርግ አቃጥሎ ከሙሽራዋ ወንድሞች ሳምንት የተደበቀ ባልደረባቸውን ነገሩኝ። እኔም ተሸማቅቄ ልጠቀልለው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ይቺን እንዴት አደረግሻት?»

አሥራ ሁለት ይሆናል ያልኩት አሥራ አንድ ነው የወጣው። አንዱ ላይ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ሳልጠመዝዝ ሁለቴ ተጭኛለሁ፤ ሆልጋ ደግሞ «ፊልሙን አላዞርሽም» ብላ አትቆልፍም፣ ዝም ብላ በላዩ ላይ ትደርባለች። የልጁ ፊት ውስጥ የአባ ኮዳው ቀጫጭን እግሮች ቆመዋል። ቢላዋው ክንፉ ላይ አርፏል። የገባው ብርሃንም በአንድ ጎን እንደ ጭስ ወጥቷል። አስቤበት ቢሆን አይመጣልኝም ነበር፣ ስልኬማ በሕይወቱ አያደርገውም፣ እሱ ሁሉንም አስተካክሎ ነው የሚሰጠኝ።

«ረሳሁ» አልኳቸው።

«እኛ ይሄን ደንበኛ እንዳያይብን ነበር የምንጥለው» አሉና እንደገና አምፖሉ ላይ አነሱት።

ሁለተኛውን ጥቅል በፕላስተር አሽጌ ታቦር ተራራ ላይ ጨረስኩት። ከመሸ በኋላ ያነሳኋቸው ሦስቱ ምንም የላቸውም፣ ጥርት ያለ ባዶ። ፀሐይ ከሌለ እሷም የለችም። ሦስተኛውን ልጀምር ስል ጋሼ ደወሉ፣ «ያቺን መጫወቻ ለቅዳሜ ብቻ አውሺኝ» ብለው። ሰጠኋቸው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ፊልሞቹንም ጨምረው ወስደዋል።