የሆኪ ተጫዋቹ ኤርሆፍ ዋንጫ ያነሳላት የጀርመን ከተማ፣ ክረፌልድ ደርሼ መጣሁ

ያኔ 49 ዩሮ በነበረችው ወርሃዊ ቲኬት ፈጣኑ ባቡር ላይ መውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ከፍራንክፈርት ክረፌልድ የሄድኩት በየመንደሩ እየቆመ በሚሄደው ባቡር ነው። 2024 ህዳር መጨረሻ አካባቢ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የራይን ወንዝ ዳር ግንቡም ተራራውም በጣም ያምራል፣ ሰው ሁሉ ስለጻፈበት አልደግመውም። ኮብሌንዝ ላይ ግን ቀጣዩ ባቡር ይዘገያል ተብሎ ብርድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፣ ሰሌዳው አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ እያለ ይጨምራል እንጂ ምክንያቱን የሚነግርህ ሰው የለም። እኔ እንዲህ ሲያደርጉኝ በጣም ነው የምናደደው፣ ቁርጡን ቢነግሩን እኮ ሄደን ሻይ ጠጥተን እንመለስ ነበር። ኮሎኝ ላይ ሌላ ባቡር ቀይሬ ክረፌልድ ስገባ መሽቷል።

ክረፌልድ ሀበሻ ለሽርሽር የሚሄድባት ከተማ አይደለችም። ድሮ በሽመና የከበረች ናት፣ እስካሁንም የከፋይና የሐር ከተማ ነው የሚሏት። እኔን የወሰደኝ ግን ክርስቲያን ኤርሆፍ ነው፣ የአይስ ሆኪ ተከላካይ። 1982 እዚሁ አጠገብ ያለችው ሞርስ ተወልዶ፣ ክረፌልድ ተጫውቶ፣ ከዚህ ተነስቶ ነው አሜሪካና ካናዳ ሄዶ ኤን ኤች ኤል ውስጥ (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ነው) ወደ 800 የሚጠጋ ጨዋታ የተጫወተው።

ሆኪ ከኛ ጋር ምን አገናኘው የሚሉኝ አሉ። እኔን የያዘኝ የ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ነው። ፍጻሜው እዚህ ጀርመን በኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነበር፣ የማታ ሽፍት ላይ ስለነበርኩ መጨረሻውን ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እረፍት ክፍል ቆመን አየነው። ጀርመን ስዊድንን ጥላ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ካናዳን 4 ለ 3 ጥላ ከሩሲያኖቹ ጋር ደርሳለች፣ 3 ለ 2 እየመራች አንድ ደቂቃ አልቀራትም፣ በዛ ላይ ሩሲያኖቹ በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል፣ እንደዛም ሆኖ አገቡና አቻ ሆነ፣ ከዛ በጭማሪ ሰዓት ጨረሱት። ብር ሜዳሊያ ለጀርመን ሆኪ በኦሎምፒክ ታሪክ ትልቁ ውጤት ነው። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ባንዲራውን የያዘው ደግሞ ያ 35 ዓመት የሞላው ተከላካይ ነበር፣ ስሙን ያኔ ነው የያዝኩት፣ ከዛ ወዲህ የድሮ ጨዋታዎቹን እየፈለግኩ አያለሁ።

ሆቴሉን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ነው፣ 68 ዩሮ፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ ግን አይሞቅም፣ ጃኬቴን ለብሼ ነው የተኛሁት። ጠዋት ልከፍል ስል ያልበላሁትን ቁርስ 12 ዩሮ ጨምረውበታል። አልበላሁም ስላት ሲስተሙ ነው ያስገባው አለችኝ፣ እኔም አልከፍልም ብዬ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ሲበዛ አነሳችልኝ። የገንዘቡ ነገር አይደለም፣ ዝም የሚለው ሰው ሁሉ ይከፍላል ማለት እኮ ነው።

አዳራሹ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አዲሱ ያይላ አሬና ይባላል፣ ከቱርክ ሱቅ እርጎውን የምንገዛው ያይላ ማለት ነው፣ ድርጅቱ የክረፌልድ ነው። 8 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። በ1936 የተሠራው ራይንላንድሃለ የሚባለው አሮጌው አዳራሽ እዛው ጎኑ አለ፣ እኔ የመጣሁት እሱን ለማየት ነው፣ ምክንያቱም ኤርሆፍ ያደገው እዛ ነው። 2003 ላይ ክረፌልድ የጀርመን ሻምፒዮን ስትሆን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከተማዋ ከዛ በፊት ሻምፒዮን የሆነችው 1952 ነው፣ ሃምሳ ዓመት ጠብቀው ማለት ነው። በዛው ዓመት መኸር ላይ ኤርሆፍ አሜሪካ፣ ሳን ሆሴ ሄደ።

ልምምድ በሚደረግበት በረዶ ላይ ትንንሽ ልጆች ነበሩ፣ በሩ ክፍት ስለነበር ገብቼ ወላጆች የሚቆሙበት ቆምኩ። ጓንት አልያዝኩም ነበር። አንድ ሽማግሌ አዩኝና ምንም ሳይጠይቁኝ ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀድተው ሰጡኝ፣ የልጅ ልጃቸው ተከላካይ ነው፣ እሱን ይዘው ነው የመጡት። "ከየት መጣህ?" አሉኝ፣ ከፍራንክፈርት ስላቸው ፊታቸው ቅጭም አለ። ለካ 2022 ክረፌልድ ከአንደኛ ሊግ ስትወርድ በሷ ቦታ የወጣችው ፍራንክፈርት ናት። "ቦታችንን ወሰዳችሁ" አሉኝ፣ ከምር ነው የተናገሩት፣ አዘንኩላቸው።

አሰልጣኙ ተከላካዮቹን ለብቻ አውጥቶ ወደ ኋላ ያስነዳቸዋል። ጉልበት ታጥፎ፣ መቀመጫ ዝቅ ብሎ፣ ዱላው በአንድ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ጫማው በረዶውን ሲፍቀው ነጭ ዱቄት ይበናል። ፊት ለፊት ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) እየነዳ የሚመጣ ልጅ አለ፣ አሰልጣኙ "ደረቱን እይ! ፓኩን አትይ!" እያለ ይጮሃል፣ ዓይንህ ፓኩን ከተከተለ በአንድ ማታለያ ያልፍሃል፣ ደረት ግን አይዋሽም። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሁለቴ ታለፈ፣ በሦስተኛው ደረት ለደረት ገጥሞ ወደ ግድግዳው ገፋው፣ እኔ ራሴ ጮህኩ። ኤርሆፍ ሲጫወት በጣም የምወድለት እሱን ነው፣ ፓኩን ቀምቶ ወዲያው ዞሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በ2010 እና 11 ሲዝን ለካናዳው ቡድን ለቫንኩቨር 14 ጎል አግብቶ 36 አቀብሏል፣ ይሄ ለተከላካይ በጣም ብዙ ነው።

በዛው ሲዝን ነው ስታንሊ ካፕ ፍጻሜ የደረሱት፣ የኤን ኤች ኤል ዋንጫ ማለት ነው። ከቦስተን ጋር፣ ቦስተን ውስጥ ደግሞ ሌላ ጀርመናዊ ተከላካይ አለ፣ ዴኒስ ዛይደንበርግ። ፍጻሜው ቀድሞ አራት ጨዋታ ላሸነፈ ነው፣ ቫንኩቨር በጨዋታ 3 ለ 2 መርታ አንድ ማሸነፍ ብቻ ቀርቷት ነበር፣ የቀሩትን ሁለቱንም ተሸነፈች፣ ሰባተኛውን በሜዳዋ 4 ለ 0፣ ዋንጫውን ዛይደንበርግ ወሰደ። ከሳምንታት በኋላ ኤርሆፍ ከቡፋሎ ጋር የ10 ዓመት የ40 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ፣ 2014 ላይ ግን ቡፋሎ ኮንትራቱን ገዝቶ አፈረሰው፣ የማፍረሻው ገንዘብ እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ ይከፈለዋል። ከዛ ፒትስበርግ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቺካጎ። 2016 የዓለም ዋንጫ ላይ ከአውሮፓ ቡድን ጋር ፍጻሜ ደርሶ በካናዳ ተሸነፈ፣ 2018 ደግሞ ያየነው ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፣ ከነዚህ ትልልቅ ፍጻሜዎች ያሸነፈው የክረፌልዱን ብቻ ነው፣ ልጅ ሆኖ፣ ከሀገሩ ልጆች ጋር። ይሄን ለሽማግሌው ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "የሱ ብቻ አይደለም" አሉኝ። የዛ ቡድን በረኛ ሮበርት ሙለር ነበር፣ በኋላ የአንጎል ዕጢ ተገኝቶበት እየታከመም ተጫውቷል፣ 2009 በ28 ዓመቱ ሞተ፣ የለበሰውን 80 ቁጥር በሊጉ ውስጥ ማንም አይለብሰውም። ሽማግሌው ስሙን ሲጠሩ ቆባቸውን አወለቁ።

አንድ ነገር ግን አልተስማማንም። ኤርሆፍ ወደ ጀርመን ሲመለስ የገባው ኮሎኝ ነው፣ 2003 በፍጻሜው ያሸነፏት ኮሎኝ፣ እሳቸው ይሄን እስካሁን አልዋጡትም። እኔ ደግሞ 2012 ኤን ኤች ኤል በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ጸብ ሲዘጋ የት መጣ? ክረፌልድ። ከቡፋሎ የመጀመሪያ ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ሰው እዚህ መጥቶ ተጫወተ፣ ይሄ አይቆጠርም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። "እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ኮሎኝ?" አሉኝ፣ በቃ እንደዛው ቀረን።

ማታ ጨዋታ ነበር፣ የቁም ቲኬት ከ20 ዩሮ በታች። ያኔ ሁለተኛ ሊግ ነበሩ ግን አዳራሹ ሲዘምር አዲስ አበባ ስታዲየም የቡና ደጋፊ መሃል የቆምኩ ነው የመሰለኝ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም። ጨዋታው ሳያልቅ ወጣሁ፣ የመጨረሻው ባቡር አይጠብቅም። ቀጥሎ የዛይደንበርግን ከተማ ፊሊንገን ሽቬኒንገንን ማየት እፈልጋለሁ፣ ከፍራንክፈርት ሩቅ ነው፣ በክረምት መንገዱን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።