ያንግትዜን ከአፉ ወደ ላይ፦ የወንዝ ካርታ ሥራዬ የት ደረሰ?

ወንዞችን በእጅ መሳል ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ቻይናው ያንግትዜ ጊዜዬን የበላ የለም። ርዝመቱ 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና አይፈረድበትም። የተለመደው ከምንጭ ጀምሮ መውረድ ነው፤ እኔ ግን መርከቦቹ እንደገቡት ከሻንግሃይ ተነስቼ ሽቅብ ወጣሁ። እንዲህ ስሄድ ሃንኮውና ዪቻንግ የተባሉት የወንዝ ወደቦች ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደ ደመቁ ግልጽ ሆነልኝ፦ ትልቁ መርከብ «ከዚህ ወዲያ አልችልም» ብሎ ጭነቱን ለትንሹ የሚያስረክበው እዚያ ነበር።

የታችኛው ክፍል ለመሳል ቀላል ነው፤ ሰፊና ዝግ ያለ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የቲያንጂን ውል ወንዙን ለውጭ መርከቦች አስከፈተ፤ በ1861 ዛሬ የዉሃን አካል የሆነችው ሃንኮው ወደብ ተከፈተች። ከባሕር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ሳለች፣ ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ የውቅያኖስ መርከቦች ሻይ ሊጭኑ እስከዚያ ይዘልቁ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወሳኙ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ በ1968 የተመረቀው የናንጂንግ ድልድይ ሥሩ 24 ሜትር ብቻ ስለሚያሳልፍ ረጅም መርከብ ከዚያ አያልፍም።

እርሳሴ የዘገየው ከዪቻንግ በላይ ነው። ሺሊንግ፣ ዉ እና ቹታንግ የሚባሉት ሦስቱ ገደላማ ሸለቆዎች ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። ጀልባውን ሽቅብ የሚጎትቱት ሰዎች ነበሩ፤ በቀርከሃ ገመድ፣ በገደሉ ወገብ በተፈለፈለ መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው። ገመዱ ዘመን ከዘመን ሲፈትገው ድንጋዩን ቦይ ቦይ አድርጎታል።

ኮንግሊንግ የሚባለው ስፍራ ግን ከሁሉም ይለያል። በወራጁ መሃል የቆመ ዓለት ላይ «ወደ እኔ ና» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የመሪው መመሪያ ነው። ውሃው ዓለቱን መትቶ ወደ ጎን ስለሚመለስ፣ ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ወደ ዓለቱ የነዳ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ተገፍቶ ይተርፋል። ፈርቶ ቀድሞ የጠመዘዘውን ግን ወራጁ ጎኑን ይዞ ከድንጋይ ያላትመዋል። የጀርመኗ የእንፋሎት መርከብ ሱዪሺያንግ በ1900 ማብቂያ ላይ የሰመጠችው እዚሁ ነው።

ከእሷ በፊት በ1898 እንግሊዛዊው ነጋዴ አርቺባልድ ሊትል ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ይዞ ከሸለቆዎቹ በላይ ያለችው ቾንግቺንግ ከተማ ደርሷል፤ ኃይለኛው ወራጅ ላይ ግን እሱም በገመድ ጎታቾች ነው የተሻገረው። ጉዞው መደበኛ የሆነው ከ1909 በኋላ ሹቱንግ የተባለችው መርከብ የጭነት ጀልባ ጎኗ ላይ አስራ መመላለስ ስትጀምር ነው። ካፒቴኗ ኮርኔል ፕላንት ኋላ የወንዙ ተቆጣጣሪ ሆኖ የምልክት ጣቢያዎችን አቋቋመ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሊትል ይልቅ ስሙ መነሳት ያለበት እሱ ነው።

ካርታዬ ላይ የዛሬው ውሃ በሰማያዊ፣ የሰጠመው ወራጅ በቀይ ነው። ለዚህ የጠቀመኝ የጉግል ኧርዝ ታይምላፕስ ነው፤ ምስሎቹ ከ1984 ስለሚጀምሩ የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ በ2003 ውሃ መያዝ ሲጀምር ዳርቻው እንዴት እንደ ሰፋ ይታያል። ኮንግሊንግም ዛሬ ግድቡ ከፈጠረው ሐይቅ ሥር ነው። መርከቦች ግድቡን የሚሻገሩት እየተሞሉና እየጎደሉ ከፍ ዝቅ በሚያደርጓቸው አምስት ተከታታይ ገንዳዎች ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል። በ2016 ሥራ የጀመረው ሊፍት እስከ 3,000 ቶን መርከብ 113 ሜትር ያነሳል። ያም ሆኖ ሰልፉ አልቀረም። ገንዳዎቹ በ2030 ይደርሱበታል የተባለውን በዓመት 100 ሚሊዮን ቶን በ2011 ደረሱበት። ስለዚህ አንዳንዱ ጭነት ከግድቡ በላይ ይራገፍና በከባድ መኪና ተሻግሮ ከታች እንደገና መርከብ ላይ ይጫናል። የድሮው የዪቻንግ ሥራ በጎማ መጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ ከቾንግቺንግ እስከ ዪቢን ያለውን እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ወንዙ ጂንሻ ይባላል። የጥልቀት ቁጥር ያለበት የቆየ ካርታ ያለው ካለ ቢያካፍለኝ፣ የጨረስኩትን የሸለቆዎቹን ክፍል ስካን አድርጌ እልካለሁ።