ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ

አሮጌ የወጥ ቤት ሴራሚክ ሲነቀል ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ መሃሉ ላይ ጡጫ የሚያህል የሲሚንቶ ጉብታ አለ፤ አራቱ ማዕዘኖች ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፣ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካቸውም። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ የከረመ ዘይት፣ እርጥበትና የበረሮ እንቁላል ይገኛል። ሴራሚኩ ማዕዘኑ ላይ የሚሰነጠቀው፣ ድሪል ሲነካው የሚፈርሰው፣ ድስት ገጨት ሲያደርገው የሚረግፈው በዚሁ ባዶ ቦታ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀለሙንና ዲዛይኑን ከመምረጣችን በፊት ስለ ጀርባው እናውራ።

የምናወራው ስለ ትንሽ ቦታ ነው፤ ከካቢኔቱ ግራናይት ተነስቶ እስከ ላይኛው ካቢኔት የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ። ትንሽ ይሁን እንጂ ከቤቱ ግድግዳ ሁሉ የበለጠ መከራ የሚያየው እሱ ነው። ቁሌት ይፈናጠርበታል፣ ሽሮ ሲንተከተክ ይረጭበታል፣ የምጣዱ እንፋሎት ያርፍበታል፣ ከሲንኩ ውኃ ይደርሰዋል።

በመጀመሪያ ግድግዳችሁ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ኮንዶሚኒየምና አዳዲሶቹ አፓርታማዎች በአብዛኛው ብሎኬት ሆነው በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው፤ ለሴራሚክ ይመቻሉ። በጣት አንጓ ወይም በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር አንኳኩት። ደንቆሮ፣ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ጤነኛ ነው፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚያስተጋባው ከብሎኬቱ ለቋል፣ ተፈንቅሎ እንደገና መለሰን አለበት። በለቀቀ ልስን ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ከነልስኑ ይወርዳል፤ የማጣበቂያው ጥራት ምንም አይረዳውም።

ልስኑ ቀለም የተቀባ ከሆነ ውኃ ረጭታችሁ እዩ። ውኃው ወደ ውስጥ ከሰረገ ጥሩ። ዶቃ ዶቃ እየሠራ ከወረደ የዘይት ቀለም ነው ወይም የምግብ ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱን በሙቅ ውኃና በሳሙና ዱቄት አጥባችሁ አድርቁ፤ ቀለሙን ግን በመሮ ወይም በግራይንደር እስከ ልስኑ ድረስ አንሱት። አንዳንድ ሠራተኛ እዚህም እዚያም በመሮ ነካ ነካ ያደርግና «ይይዛል» ይላል። ማጣበቂያው የሚይዘው የተፈነቀለውን ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ የቀረው በቀለሙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጄሶና ስቱኮ ደግሞ ከቀለሙም ይብሳሉ። እርጥበት ባለበት ጄሶ ከሲሚንቶ ጋር ሲነካካ ሰልፌቱ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ የሚያብጥ ክሪስታል ይሠራል፤ ሴራሚኩን ከኋላ ቀስ በቀስ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ጄሶው ሙሉ በሙሉ ይፋቅ።

ከአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በአንዱ የምትኖሩ ከሆነ ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጭቃ ክረምት ሲመጣ እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ጭቃው ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ከለሰናችሁ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወጣል። አስተማማኙ መንገድ በልስኑ ውስጥ ያሉትን ቋሚ እንጨቶች ፈልጎ፣ በነሱ ላይ የሲሚንቶ ቦርድ በማይዝግ ብሎን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ መምታት ነው። ቦርድ ካላገኛችሁ ወፍራም የሽቦ መረብ ከቋሚውና ከማገሩ ጋር በሚስማር ይያዝና አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ በሁለት ዙር ይለሰን። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፤ ከዚያም ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይድረቅ። ሠርግ ወይም ክርስትና ደርሶ ከተጣደፋችሁ ሥራውን አሳድሩት እንጂ ይህን ጊዜ አታሳጥሩት።

ቀጥ ማለቱን ደግሞ በ2 ሜትር ቀጥ ያለ አልሙኒየም ፈትሹ። ግድግዳው ላይ ስታጋድሙት ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ጎድጓዳው ቀድሞ ተሞልቶ ይድረቅ። ጎድጓዳውን በወፍራም ማጣበቂያ ለማስተካከል መሞከር ስህተት ነው፤ ማጣበቂያ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ በማግስቱ አንዱ ሴራሚክ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካቢኔቱ ኤል ቅርጽ ሆኖ አንዱ ክንድ 2.40፣ ሌላው 1.20 ሜትር ቢሆን፣ 3.60 በ0.60 ሲባዛ 2.16 ካሬ ይመጣል። ሶኬት አትቀንሱ። ለቁርጥና ለስብራት 10 በመቶ ስትጨምሩ ወደ 2.4 ካሬ ይጠጋል። 30 በ60 የሆነ ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ በካርቶን 8 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ሆኖ ስለሚመጣ ሁለት ካርቶን ይበቃል፤ የሚተርፈውን አስቀምጡት። መርካቶም ሆነ ተክለሃይማኖት ስትገዙ የሁለቱ ካርቶኖች የቀለምና የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ አረጋግጡ። ዲዛይኑ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ ነጩ ከነጩ ይለያል፤ ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ነው የሚያስቆጨው።

የገዛችሁት ተራ ሴራሚክ ይሁን ፖርሴሊን ለማወቅ ጀርባው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉ። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ወዲያው ይመጠዋል፤ ከክብደቱ 10 በመቶ በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። ፖርሴሊን ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ውኃው እዚያው ይቀመጣል። ልዩነቱ ጠቃሚ የሚሆነው ተራ የሲሚንቶ ቡኮ ፖርሴሊን ላይ ስለማይይዝ ነው። ሴራሚክ በባልዲ ውኃ ውስጥ የመዘፍዘፍ ልማድም የመጣው ከሲሚንቶ ቡኮ ነው፤ በከረጢት በሚሸጠው የሴራሚክ ማጣበቂያ የምትሠሩ ከሆነ መዘፍዘፉ ይቅር፣ የጀርባውን አቧራ በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ ብቻ ይበቃል። እኔ ለወጥ ቤት ከማጣበቂያው ውጭ አልመክርም። ለ2 ካሬ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ቢፈጅ ነው፣ ስለዚህ ከሲሚንቶው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው።

አሁን መስመር ማውጣት። ግራናይቱ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ውኃ ልክ አስቀምጣችሁ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጉና ከዚያ ተነስታችሁ ግድግዳው ላይ ጋድም መስመር አስምሩ። ከግራናይቱ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ሴራሚኩ በጋድም በሁለት ረድፍ የሚሄድ ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከሥር 0.3፣ የታችኛው ረድፍ 30፣ መሃል ላይ 0.2፣ ከላይ ደግሞ 0.2 ክፍተት። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ 29.3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ከካቢኔቱ ሥር ይደበቃል። በጎን በኩል ደግሞ ከጥግ ጀምራችሁ ስትሄዱ መጨረሻ ላይ የሁለት ጣት ቁራጭ የሚተርፍ ከሆነ መነሻውን ግማሽ ሴራሚክ ግፉት። ማጣበቂያ ከመቦካቱ በፊት ሁሉም በደረቁ ግራናይቱ ላይ ተደርድሮ ይታይ። ግራናይቱን ካርቶን አልብሱት፤ ጭረት ከወጣ አይመለስም።

ሶኬት ያለበት ቦታ ላይ ብሬከሩ ይጥፋ፣ በቴስተርም ይረጋገጥ። በተለይ የምጣዱ መስመር ከባድ ኃይል የሚሸከም ስለሆነ በግምት አይነካም። ቀዳዳው ሲቆረጥ የሶኬቱ ክዳን ጠርዙን በደንብ እንዲሸፍን ከሣጥኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ይበል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳው ብሎኑን ነው። ሴራሚኩ 8 ሚሊ ሜትር፣ ማጣበቂያው 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል፤ የድሮው ብሎን ሣጥኑ አይደርስም። ሠራተኛው ለመጨረስ ሲቸኩል ሶኬቱን እንደተወዛወዘ ይተወዋል፣ ሽቦውም ይላላል፣ ይግላል። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ብሎን አስቀድማችሁ ግዙ፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ማጣበቂያው ሲቦካ ውኃው ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል፤ መጠኑ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ተቦክቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ እንደገና ይማሰል። ውፍረቱ እንደ ገንፎ ነው፤ በሠራተኛው ማንኪያ (አንዱ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ጥርስ ያለው መቀቢያ ብረት) ላይ ሆኖ ስትዘቀዝቁት የማይወርድ። እየደረቀ ሲመጣ ውኃ መጨመር ክልክል ነው፣ ጥንካሬውን ይገድለዋል። ግድግዳውን በእርጥብ ስፖንጅ ካበስን በኋላ በማንኪያው ለስላሳ ጎን ጫን ብለን እንቀባለን፤ ከዚያ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው ጎን ሁሉንም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ እናበጥራለን። ሴራሚኩ ጀርባም ስስ ሽፋን ይቀባ። ሲለጠፍ መስመሮቹን አቋርጦ ወዲያና ወዲህ ጥቂት እየተገፋ ይጫን፤ መስመሮቹ የሚተኙት፣ አየሩም የሚወጣው ያኔ ነው።

የመጀመሪያውን ሴራሚክ ለጥፋችሁ ወዲያው አንሱት። ይህን አትዝለሉ። ጀርባው ቢያንስ 80 በመቶ ተሸፍኖ፣ ማዕዘኖቹም ተነክተው ከሆነ ቀጥሉ። መስመሮቹ ሳይተኙ ቆመው ከታዩ ወይ በቂ አልተጫነም፣ ወይ ማጣበቂያው ወፍሯል፣ ወይ ግድግዳው ላይ ቆይቶ ደርቋል። የበጋው ደረቅ ነፋስ በመስኮት ሲገባ የላዩ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። በጣት ንኩት፤ ጣት ላይ ካልቀረ ፋቁትና አዲስ ቀቡ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ካሬ በላይ አትቀቡ፣ መስኮቱንም ዝጉ።

መቁረጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ቀጥታው ቁርጥ በእጅ መቁረጫ፣ ምላጩን አንዴ ብቻ ጫን ብሎ ስቦ መስበር ነው፤ ደጋግሞ መሳብ ጠርዙን ያረግፈዋል። የሶኬት ቀዳዳ በግራይንደርና በዳይመንድ ዲስክ ይወጣል፤ መነጽር አድርጉ፣ ፖርሴሊን ከሆነ ውኃ እያጠጣችሁ ቁረጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሶኬት ቁርጦች ሁሉ ማጣበቂያ ከመቦካቱ በፊት ቢያልቁ ይሻላል። ሳይሸፈን የሚቀረው ዳር ላይ የአልሙኒየም ጠርዝ ከሴራሚኩ ጋር አብሮ በማጣበቂያው ውስጥ ይገባል፤ በኋላ መለጠፍ አይሆንም።

ከመድረቁ በፊት በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ የወጣውን ማጣበቂያ በቀጭን እንጨት አውጡ። 24 ሰዓት፣ በክረምት 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ የመገጣጠሚያው መሙያ፣ ግራውት፣ ይገባል። ነጭ ሲሚንቶ በውኃ በጥብጦ መሙላት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ቅቤና እርድም ይጠጣል። ከምድጃው ጀርባ ያለው መስመር በጥቂት ወር ውስጥ ቢጫ የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። አሸዋ የሌለበትን ግራውት ግዙ፣ ቀለሙም ግራጫ ወይም ቤዥ ይሁን። ገንዘብ ከተረፈ ከምድጃው ጀርባ ብቻ ኤፖክሲ የሚባለው ግራውት ይግባ፤ ዘይትም በርበሬም አይገባበትም፣ ግን ቶሎ ስለሚጠነክር ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ተራው ግራውት ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር ብሎ ተቦክቶ በጎማ ማንኪያ መገጣጠሚያውን በሰያፍ አቋርጦ ይገፋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ይጠረግ። ውኃ የበዛበት ስፖንጅ ቀለሙን አጥቦ ቦታ ቦታውን ያነጣዋል። የውኃ ፈረቃችሁን አይታችሁ ሁለት ጀሪካን አስቀምጡ። እጣቢውንም በሲንኩ አትድፉት፤ ቱቦ ውስጥ ይጠነክራል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጎረቤት ቱቦም ነው።

ከግራናይቱ ጋር የተውነው 3 ሚሊ ሜትር ግራውት አይገባበትም። ካቢኔቱና ግድግዳው የየራሳቸው እንቅስቃሴ ስላላቸው ግራውቱ ተሰንጥቆ ውኃ ወደ እንጨቱ ይወርዳል። ቦታው የሲሊከን ነው። የካቢኔታችሁ የላይ ድንጋይ እምነበረድ ከሆነ የኮምጣጤ ሽታ ያለውን ሲሊከን አትግዙ፣ አሲዱ ድንጋዩን ይበላል፤ ሽታ የሌለውን ጠይቁ።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ በካሬ ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ ተዋዋሉ። 2 ካሬ ሥራ በካሬ ሲታሰብ ለእሱ የቀን ሂሳብ አይሆንለትም፣ ስለዚህ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ የሚዘለው የማይታየውን ነው። የመጀመሪያው ሴራሚክ ተነስቶ እንደሚታይ ሥራው ሳይጀመር ንገሩት። ጥሩ ባለሙያ አይከፋም፣ ራሱ አንስቶ ያሳያችኋል። በማግስቱ ሁሉንም በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ የሚጮኸው ግራውት ሳይገባ ይነቀል፣ ያኔ ጎረቤቱን ሳይጎዳ ይወጣል። ሲሊከኑ 24 ሰዓት ውኃ አይንካው፣ ምጣዱም ግራውቱ ሦስት ቀን እስኪሞላው ድረስ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይጣድ።