«ሐሰተኛ» የተባለው የጅማ ጌም

ሰሞኑን በአብሮ አደጎቼ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቢጫ የተለወጠ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የድሮ ጌም፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ጥቂት የጨዋታ ካሴቶች ከጎኑ ተደርድረው። ከሥሩ «ወንድሜ፣ ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ካሴት በሚሊዮን ዶላር ይገዛል አሉ። አንተ ከሥራው ውስጥ ስላለህ ዋጋውን ንገረን። ቤት እንሥራበት ወይስ ባጃጅ እንግዛበት?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ሌላው ተከተለ፤ «የልጅ መጫወቻ መጠገን እዚያ እንጀራ ከሆነ እኛስ እዚህ ምን እንሠራለን? ውሰደን!»

ወሬው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ«ሱፐር ማሪዮ 64» ካሴት በጨረታ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ነገር ግን ጨዋታው በ1996 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ያ ካሴት ከነማሸጊያው የኖረ፣ አንድም ልጅ ተጫውቶበት የማያውቅ ነው። ፈረንጅ መጫወቻ ገዝቶ ማንም እንዳይጫወትበት በመስታወት ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል። የእኛ ካሴት ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተራ በተራ እፍ ያለበት ነው። እናንተ ፎቶግራፉን የላካችሁልኝ ጌም እዚህ የአንድ ምሳ ዋጋ ቢያወጣ ነው። እውነቱን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

የምኖረው ምሥራቅ ጀርመን፣ ኬምኒትዝ ነው። በሳምንቱ ቀናት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እፈትሻለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የድሮ ጌም ለሚሰበስቡ ሰዎች እጠግናለሁ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ለአውሮፓ የሠራው ማሽን ቀይ መብራቱ እያበራና እያጠፋ ሲያስቸግር ይመጣል። ውስጡ ያለች አንዲት ቺፕ ካሴቱ ውስጥ ካለችው ጋር ካልተግባባች በየሰከንዱ እንደገና ታስነሣዋለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቺፗ አይደለም፤ ካሴቱ የሚገባበት የ72 ጥርስ ማገናኛ ላልቶ ወይም ቆሽሾ ነው። ጌም ጊር የተባለውን የሴጋ ኩባንያ የእጅ ጌም የከፈትኩ እንደሆነ ደግሞ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) ፈሳሽ አውጥተው ቦርዱን ሲበሉ አገኛለሁ። አንዳንዱ ካሴት ጨዋታ የሚያስቀምጥባት ትንሽ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትሞትና ባለቤቱ እንባ እየተናነቀው ይመጣል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ጀርመን አይደለም። ባደግኩባት ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ጌማችን ዝም ባለ ቁጥር ወደ እሳቸው እንሮጣለን። ካሴቱን ከፍተው የመዳብ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብለው ያሹታል፤ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ይጠርጉታል፤ ከዚያ «ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ እርጥበት ደግሞ መዳብ ይበላል፤ እፍ አትበሉበት» ብለው ይቆጡናል። ዝናብ በሚበዛበት ጅማ መዳብ አረንጓዴ ለመሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። እዚህ መጥቼ ሰብሳቢዎቹ ያንኑ ምክር እንደ አዲስ ግኝት ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። እኛ ግን የእኚህን ሰው ዋጋ ሳንቲም በሳንቲም ስንከራከር አደግን። ጅማ ከውጭ የመጣን ዕቃ በዳንቴል ሸፍና ታከብራለች፤ ዕቃውን ከሞት ያስነሣውን እጅ ግን ምስጋና ትነፍገዋለች። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ሰብሳቢዎቹ ለሕዝብ ትርዒት አዘጋጁ። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ ማሽን ከነዓመቱና ከነታሪኩ። ሁሉም የልጅነቱን ጌም ይዞ እንዲመጣ ተባለ። እኔም ከአገሬ ስወጣ በጋቢ ጠቅልዬ ያመጣሁትን ይዤ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች ባጠራቀመችው ገንዘብ የገዛችልኝ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣውን ፋሚኮም የተባለ ጌም ገልብጦ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሲሆን፣ ካሴቱ ባለ 60 ጥርስ ነው። ፋሚኮም ያች ካሴት የምትመረምር ቺፕ ስለሌለችው ማንም ፋብሪካ ካሴት ማባዛት ይችል ነበር፤ ጌሙ እኛ ዘንድ የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

አስተናጋጁ በሁለት ጣቱ አነሣው። ፈገግ እያለ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ይህ ሐሰተኛ ነው፤ ከእውነተኞቹ ጋር አይቀመጥም» አለኝ። ቢጫ ወረቀት ላይ «ሐሰተኛ» ብሎ ጽፎ ለጠፈበትና ከጠረጴዛው ሥር፣ የተበጣጠሱ ገመዶች ካሉበት ካርቶን ውስጥ ጨመረው። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ያው ሰው ወዲያው ተመልሶ የማይነሡ ማሽኖች አምጥቶ «በሩ ሳይከፈት ታደርስልናለህ?» አለኝ። እጄ እውነተኛ፣ ያደግኩበት ሐሰተኛ!

ግድግዳው ላይ የፖሊ ፕሌይ ፎቶግራፍ በክብር ተሰቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ይህች ከተማ ካርል ማርክስ ሽታት ስትባል፣ እዚሁ የተሠራ ሳንቲም የሚጎርስ የሕዝብ መጫወቻ ማሽን ነው። ከጨዋታዎቹ አንዱ «ጥንቸልና ተኩላ» በ1980 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ፓክማን የተባለ ጨዋታ ቀድቶ የተሠራ ነው። «ያኛውስ ግልባጭ አይደለም?» አልኩት። «እሱ የእኛ ታሪክ ነው» አለ። «ይኸኛውስ የማን ታሪክ ነው?» ስለው መልስ አልነበረውም። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጌሙን ከካርቶን አውጥተው ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት፤ ያ ወረቀት ግን እስከ ምሽት ድረስ አልተነሣለትም።

ማሽኖቹን ሁሉ አስነሣኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለማንም በነጻ አልጠግንም፤ ዋጋዬን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ አልቀንስምም። እህቴ ቡና ስትለቅም የቆረቆራት ወገብ ሐሰተኛ አይደለም።

«ውሰደን» ላላችሁኝ ደግሞ። የድሮ ጌም መጠገን እዚህ የቅዳሜ ገቢ ነው እንጂ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ለዚህ ብላችሁ የአባታችሁን የቡና ማሳ እንዳትሸጡ፣ በሱዳንና በሊቢያ በኩል እንዳትነሡ፤ እለምናችኋለሁ። እጃችሁ ለኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝላችሁ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ያለው በር አውስቢልዱንግ የሚሉት የሙያ ሥልጠና ነው። በኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ከፊሉ ድርጅት ውስጥ፣ ከፊሉ ትምህርት ቤት። ለቪዛው በአብዛኛው ቢ1 የተባለው የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል፤ ቋንቋው ያለ ትዕግሥት አይገኝምና ዛሬውኑ ጀምሩ። እስከዚያው ከአንድ ጠጋኝ ጎን ቁጭ ብላችሁ መልቲሜትር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ አያያዝ ተማሩ፤ የተማራችሁበትንም በጽሑፍ አስመስክሩ፤ እዚህ ወረቀት ያልያዘ እጅ ቢያንስ በመጀመሪያው በር አያልፍም።

አንድ ደላላ መጥቶ «የሥልጠና ቦታ አለ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» ቢላችሁ ከቀጣሪው ጋር የተፈረመውን ውል አምጣ በሉት። በድርጅት ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠና ሠልጣኙ በየወሩ ደመወዝ የሚያገኝበት ነው፤ ከፋዩ ቀጣሪው ነው። ገንዘቡ ከእናንተ ወደ ደላላው የሚሄድ ከሆነ ውሉን እኔ ሳላነበው ቤሳ እንዳትሰጡ። ወደ እኔ ላኩት፤ ቁጭ ብዬ አነብላችኋለሁ።